በእግር የሚታዘዝ ድምፅ
(በሬዲዮ የተደረገ ንግግር)

ሸማኔ በጕድጓዱ አፍ ተቀምጦ ሲሠራ ያየ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። ሁለቱ እጆቹ ሥራ ይዘዋል፤ አንደኛው መወርወሪያውን ሲልክ ሁለተኛው ይቀበላል። ድሩን እያፈራረቀ ከፍና ዝቅ የሚያደርገው ግን እግሩ ነው። ልብስ ሰፊም እንዲሁ ነው፤ ሁለቱ እጆቹ ጨርቁን ሲመሩ መኪናውን የሚያዞረው እግሩ ነው። የሰው ልጅ እጆቹ በተያዙበት ሥራ ሁሉ እግሩን ረዳት ማድረግን ከጥንት ጀምሮ ያውቅበታል።

ዛሬ የምናገረው ስለዚሁ የእግር ረዳትነት ነው፤ ነገር ግን ከሸማኔው ቤት ወጥተን ወደ ጊታር ተጫዋቹ ዘንድ እንሄዳለን። ሙዚቀኞች ኢፌክት የሚሉት፥ የጊታርን ድምፅ የሚለዋውጥ መሣሪያ አለ። ይህን መሣሪያ በእግር ለማዘዝ የሚያስችለውን ሳጥን አንድ ሰው በገዛ እጁ እንዴት አድርጎ ሊሠራው እንደሚችል ለመግለጽ አስቤአለሁ። ጉዳዩ መጀመሪያ ሲሰሙት የጥቂት ወጣቶች የመዝናኛ ነገር ሊመስል ይችላል። ሆኖም በዚህች አነስተኛ ሳጥን ውስጥ በጽሕፈት ቤት ለምንውል ሰዎች ጭምር የሚጠቅም ቁም ነገር አለ። እርሱም፥ ሁሉ የተስማማበትና በግልጽ የተጻፈ ደንብ ካለ፥ አነስተኛ ዐቅም ያለው ሰው ብዙ ገንዘብ የወጣበትን መሣሪያ ሊያዝዝ መቻሉ ነው።

ጊታር ሁለት እጅ የሚጠይቅ መሣሪያ መሆኑ የታወቀ ነው። ግራ እጅ ክሮቹን በአንገቱ ላይ ይጫናል፤ ቀኝ እጅ ይመታል። ዘፈኑ ከዝግታ ወደ ሞቅታ ሲሻገር የጊታሩም ድምፅ ከለስላሳነት ወደ ሻካራነት እንዲለወጥ ይፈለጋል። አንድ ዘፈን በደቂቃ 120 ምት ቢኖረው በአንዱ ምትና በሚቀጥለው መካከል ያለው ጊዜ ግማሽ ሰከንድ ብቻ ነው። ተጫዋቹ በዚህ ግማሽ ሰከንድ ውስጥ እጁን ከክሩ አንሥቶ፥ ጐንበስ ብሎ፥ ቁልፍ ተጭኖ ወደ ዜማው ሊመለስ አይችልም። ቢሞክር ዜማው ይቋረጣል፤ ዘፋኙ ብቻውን ይቀራል፤ የሚጨፍረውም ሕዝብ ይደናገራል። እንግዲህ ነጻ ሆኖ የሚቀረው አካል እግር ብቻ ነው።

የኢፌክትን ምንነት በአጭሩ እንመልከት። የኤሌክትሪክ ጊታር ክር ሲመታ ከክሩ ሥር የተቀመጡት ማግኔትና የሽቦ ጥቅል ንዝረቱን ወደ ደካማ የኤሌክትሪክ ኃይል ይለውጡታል። ይህ ኃይል በገመድ ተጕዞ ወደ ድምፅ ማጕሊያው ከመድረሱ በፊት በመንገዱ ላይ ጠብቆ መልኩን የሚለውጠው መሣሪያ ኢፌክት ይባላል። አንዱ ድምፁን ያሻክረዋል፤ ሌላው እንደ ገደል ማሚቶ ይደጋግመዋል፤ ሌላው ደግሞ በታላቅ አዳራሽ ውስጥ እንደሚሰማ ያስመስለዋል።

የዚህ ጥበብ ታሪክ ራሱ በሙከራ የተሞላ ነው። በዚህ ንግግር የምጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላስታውስ። በአሜሪካ አገር በናሽቪል ከተማ ማርቲ ሮቢንስ የተባለው ዘፋኝ ሲቀረጽ ከመቅረጫው መሣሪያ አንዱ መስመር ተበላሽቶ የክሩን ድምፅ አሻከረው። ድምፁ ስለ ተወደደ ሸክላው እንዳለ ታተመ። የቀረጻው ባለሙያ ግሌን ስኖዲም ያንኑ ሻካራ ድምፅ ሆን ብሎ የሚሰጥ መሣሪያ አበጀ፤ ይህም በ1962 ማኤስትሮ ፈዝ ቶን በሚል ስም ለገበያ ቀረበ። የሚበራውና የሚጠፋውም በእግር ሲረገጥ ነበር። በ1966 ደግሞ በካሊፎርኒያ በቶማስ ኦርጋን ኩባንያ ይሠራ የነበረው መሐንዲስ ብራድ ፕለንኬት የኦርጋን ድምፅ ከፍና ዝቅ ማድረጊያ የነበረውን የእግር መርገጫ ወስዶ አዲስ የኤሌክትሪክ መስመር አገናኘበት። እግር ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሲያዘነብለው ድምፁ እንደሚከፈትና እንደሚዘጋ የሰው አፍ «ዋ ዋ» የሚል ሆነ። የዛሬው ዋ ዋ የተወለደው ለሌላ ሥራ ከተሠራ መርገጫ ነው ማለት ነው።

ይህ ድምፅ ለአገራችን ጆሮ እንግዳ አይደለም። ሙላቱ አስታጥቄ በ1972 በኒው ዮርክ ባወጣው «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ» በተባለው ሸክላ ላይ ይሰማል፤ በዚያው ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ በተቀረጹ ዘፈኖችም ላይ ጊታሩ በዚሁ አንደበት ሲናገር እናገኘዋለን።

በዚያን ጊዜ አንድ ሳጥን የነበረው አንድ ሥራ ብቻ ነበር። በ1980ዎቹ ግን ዲጂታል የተባለው መሣሪያ ተስፋፋና በአንድ ሳጥን ውስጥ ብዙ ዓይነት ለውጥ ተሰበሰበ። ተጫዋቹ የወደደውን የድምፅ ቅንብር በቁጥር እያስመዘገበ ለማስቀመጥ ቻለ፤ ለምሳሌ ቁጥር 5 ለዝግተኛው ዜማ፥ ቁጥር 6 ለሞቅታው ይሆናል። ይህ ታላቅ ርዳታ ነው። ይሁን እንጂ እንደዚህ ያለው መሣሪያ ብዙውን ጊዜ የሚቀመጠው በመደርደሪያ ላይ ነው፤ ቁልፎቹም ለጣት እንጂ ለጫማ የተሠሩ አይደሉም። ስለዚህ የቀድሞው ችግር ተመልሶ መጣ፤ ሀብቱ በሳጥኑ ውስጥ ቢኖርም መክፈቻው ከእግር ራቀ። ከመሣሪያው ተለይቶ ወለል ላይ የሚቀመጥና በገመድ የሚያዝዘው መቈጣጠሪያ ያስፈለገው በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደርሰናል። አንድ ሰው በቤቱ የሠራው ሳጥን በውጭ አገር ፋብሪካ የተሠራውን መሣሪያ ሊያዝዝ የሚችለው የሁለቱ ቋንቋ አንድ ሲሆን ነው። ቀድሞ እያንዳንዱ ፋብሪካ ለመሣሪያው የራሱን ስፒናና የራሱን ምልክት ያበጅ ነበር፤ ከዚህም የተነሣ የአንዱ ፋብሪካ ሥራ ከሌላው ጋር ለመነጋገር ይቸግረው ነበር። በአሜሪካ ሲኩዌንሻል ሰርኪትስ የተባለው ፋብሪካ መሥራች ዴቭ ስሚዝና በጃፓን የሮላንድ መሥራች ኢኩታሮ ካኬሃሺ በገበያ ተፎካካሪዎች ነበሩ። ሆኖም ከሌሎች ፋብሪካዎች ጋር ሆነው መከሩና አንድ የጋራ ደንብ አወጡ፤ ስሙም ሚዲ ተባለ። በጥር ወር 1983 በካሊፎርኒያ በአናሃይም ከተማ በተደረገው የሙዚቃ ነጋዴዎች ትርኢት ላይ የሁለቱ ተፎካካሪዎች መሣሪያዎች በአንድ ገመድ ተያይዘው አንዱ ሌላውን ሲያጫውት ታየ። በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር ደንቡ ታትሞ ወጣ፤ ማንም ፋብሪካ ያለ ክፍያ እንዲሠራበት ተፈቀደ። ለዚህ ሥራቸው ሁለቱ ሰዎች በ2013 የግራሚ የቴክኒክ ሽልማት ተቀብለዋል።

በሚዲ ገመድ ውስጥ የሚያልፈው ትእዛዝ ብቻ ነው፤ የሙዚቃ ድምፅ አያልፍበትም። ትእዛዙም በመዝገብ ቤት በኩል ከሚላክ አጭር ደብዳቤ ጋር ይመሳሰላል። ደብዳቤው ሁለት ቁጥሮች አሉት። የመጀመሪያው ቁጥር የደብዳቤውን ዓይነትና ለማን እንደ ተጻፈ ይገልጻል፤ ሁለተኛው ጉዳዩን ይናገራል። በአንድ ገመድ ላይ 16 አድራሻዎች ሊኖሩ ይችላሉ። «ቅንብር ለውጥ» የሚለው ትእዛዝ ለ1ኛው አድራሻ ሲጻፍ ቁጥሩ 192 ነው፤ ለ2ኛው 193 ነው፤ እንዲህ እያለ ለ16ኛው 207 ይሆናል። ተከታዩ ቁጥር ከ0 እስከ 127 ሲሆን የሚፈለገውን ቅንብር ያመለክታል። ደንቡ ያዘዘው ፍጥነት በሰከንድ 31,250 ቢት ነው። እያንዳንዱ ቁጥር ከመነሻና ከመድረሻ ምልክቱ ጋር 10 ቢት ስለሚይዝ መላው ደብዳቤ ከአንድ ሺኛ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ተነቦ ያልቃል። ግማሽ ሰከንድ ለጠበበው ተጫዋች ይህ ከበቂ በላይ ነው።

እዚህ ላይ ብዙዎችን የሚያደናግር አንድ ነገር አለ። በገመዱ ውስጥ ቈጠራው ከ0 ሲጀምር ብዙ መሣሪያዎች በመስኮታቸው ላይ የሚያሳዩት ከ1 ጀምረው ነው። ስለዚህ በመስኮቱ ቁጥር 5 የተባለውን ቅንብር ለማግኘት መላክ ያለበት ቁጥር 4 ይሆናል። ይህን የማያውቅ ሠሪ ሳጥኑ የተበላሸ መስሎት ሽቦውን ሁሉ ሲነቅልና ሲተክል ይውላል።

ክቡራን አድማጮች፤ አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ብረት ከመብሳት በፊት በወረቀት ላይ መንደፍ ያስፈልጋል። ወረቀት ወለሉ ላይ ዘርግቶ፥ ጊታሩን አንግቦ፥ በመድረክ ላይ የሚደረገውን ጫማ አድርጎ መቆምና የእግሩን ዐራፊ ቦታ በእርሳስ ማክበብ መልካም ነው። በቁልፍና በቁልፍ መካከል 8 ሳንቲ ሜትር ያህል ካልተተወ ጫማ ሁለቱን አንድ ላይ ይረግጣል። 5 ቁልፎች በዚህ ልዩነት ሲደረደሩ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው 32 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ ከግራና ከቀኝ ትርፍ ሲጨመርበት የሳጥኑ ወርድ 45 ሳንቲ ሜትር ያህል ይደርሳል። ከአምስቱ ቁልፎች አራቱ እያንዳንዳቸው አንድ ቅንብር እንዲጠሩ፥ አምስተኛው ደግሞ ወደሚቀጥለው የአራት ምድብ እንዲያሻግር ቢደረግ፥ በ32 ምድብ 128ቱን ቅንብሮች ሁሉ ማዳረስ ይቻላል።

ሳጥኑ የሰው ክብደት የሚያርፍበት ስለ ሆነ ጠንካራ መሆን አለበት። ጐኖቹ ከወፍራም ጣውላ፥ ላዩ ከ2 ሚሊ ሜትር ላሜራ ቢሠሩ በቂ ነው። ከኋላው ትንሽ ከፍ ብሎ ወደ ፊት ቢያዘነብል ለእግር ይመቻል። ከሥሩ የአሮጌ ጎማ ቍራጭ ሲለጠፍበት በሚያንሸራትት ወለል ላይ እየተገፋ አይሄድም። በመርካቶ በምናለሽ ተራ አሮጌ ብረት እየቀጠቀጡ አዲስ ዕቃ የሚያወጡትን ሠራተኞች ያየ ሰው እንዲህ ያለውን ሳጥን ለማግኘት ሩቅ መሄድ እንደማያስፈልግ ያውቃል።

ቁልፎቹ ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዱ ሲረገጥ ተይዞ ይቀርና ዳግመኛ ሲረገጥ ይለቃል፤ ሁለተኛው እግር ሲነሣ ወዲያው ይመለሳል። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ሁለተኛው ነው፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ ርግጫ አንድ ትእዛዝ ሆኖ ማለቅ አለበት። ከሁሉ ዕቃ ይልቅ የሚደክመው ይኸው ቁልፍ ስለ ሆነ ገንዘብ መቈጠብ የሚገባው በሌላው ላይ ነው። በዳዶ የሚታሰርና ለእግር ተብሎ የተሠራ ቁልፍ መምረጥ ይሻላል።

ርግጫውን ወደ ቁጥር የሚለውጠው ልብ አንዲት ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ናት። ለዚህ የምትስማማው አርዱይኖ የተባለችው ናት። በ2005 በኢጣልያ በኢቭሪያ ከተማ የተጀመረችው መሐንዲስ ያልሆኑ ተማሪዎች እንዲሠሩባት ታስባ ነው፤ ንድፏም ለሁሉ ክፍት ሆኖ ታትሞአል። በ2010 የወጣችው አርዱይኖ ኡኖ 14 ዲጂታል መግቢያና መውጫዎች አሉአት። ከነዚህ ውስጥ 0 እና 1 ቁጥር ለመልእክት መቀበያና መላኪያ ሲተዉ 12ቱ ለቁልፍና ለመብራት ይቀራሉ።

የሽቦው ሥራ እንዲህ ነው። ከእያንዳንዱ ቁልፍ አንደኛው እግር ከሰሌዳዋ አንድ መግቢያ ጋር ይገናኛል፤ ሁለተኛው እግር ለሁሉም የጋራ ወደ ሆነው ግራውንድ ይሄዳል። በሰሌዳዋ ውስጥ ያለው ሬዚስተር በፕሮግራም ታዝዞ መግቢያውን በ5 ቮልት ላይ ይይዘዋል፤ ቁልፉ ሲረገጥ ቮልቱ ወደ ዜሮ ይወርዳል፤ ሰሌዳዋም ርግጫውን የምታውቀው በዚህ ነው።

ለሚዲ የሚያገለግለው ሶኬት ባለ 5 ቀዳዳው ዲን የሚባለው ነው። ይህ ሶኬት በአሮጌ የአውሮፓ ቴፕ መቅረጫዎች ላይ ለድምፅ ሥራ ይውል ስለ ነበር አንዳንድ ጊዜ ከነዚያ ላይ ነቅሎ መጠቀም ይቻላል። ከአምስቱ ቀዳዳዎች መካከለኛው 2 ቁጥር ነው፤ ከግራና ከቀኙ ያሉት 4 እና 5 ናቸው፤ ዳርና ዳር ያሉት 1 እና 3 ሥራ የላቸውም። 4 ቁጥር በ220 ኦም ሬዚስተር በኩል ከ5 ቮልት ጋር ይገናኛል። 5 ቁጥር በሌላ 220 ኦም ሬዚስተር በኩል ከሰሌዳዋ መላኪያ፥ ማለትም ከ1 ቁጥር ጋር ይገናኛል። 2 ቁጥር ወደ ግራውንድ ይሄዳል። ሶኬቱ ከፊት ሲታይና ከጀርባው ሲታይ ግራና ቀኙ ስለሚለዋወጥ 4 እና 5ን ማምታታት ቀላል ነው። ቢምታቱም በደንቡ መሠረት የተሠራ ተቀባይ አይጐዳም፤ ዝም ይላል እንጂ።

የደንቡ አውጪዎች አርቀው ያሰቡበት አንድ ነገር እዚህ ላይ ሊነገር ይገባዋል። በተቀባዩ መሣሪያ መግቢያ ላይ ትንሽ መብራትና መብራቱን የሚያይ የኤሌክትሮኒክስ ዐይን በአንድ ሽፋን ውስጥ ተቀምጠዋል። ከላኪው የመጣው 5 ሚሊ አምፔር ያህል ኃይል መብራቱን ያበራል ያጠፋል፤ ዐይኑም ብርሃኑን እያነበበ መልእክቱን ወደ ውስጥ ያስተላልፋል። በሁለቱ መሣሪያዎች መካከል የሚሻገረው ብርሃን ስለ ሆነ የአንዱ እንከን ወደ ሌላው ለመዝለቅ ይቸግረዋል፤ በድምፅ ማጕሊያው ውስጥ የሚሰማውም የጕምጕምታ ድምፅ ይቀንሳል። በተጨማሪም ውድ የሆነውን ኢፌክት መክፈትና ውስጡን መነካካት አያስፈልግም።

የኤሌክትሪክ ኃይልን በሚመለከት ጥብቅ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ከግድግዳ የሚመጣው 220 ቮልት ወደዚህ ሳጥን ፈጽሞ መግባት የለበትም። ከፋብሪካ የወጣ ደኅና የ9 ቮልት አዳፕተር ገዝቶ መጠቀም ይገባል። በዚያም ላይ የጊታር መርገጫዎች በልማድ የሚጠቀሙበት አዳፕተር የስፒናው መካከል ኔጌቲቭ ሲሆን የአርዱይኖ ኡኖ ግን መካከሉ ፖዘቲቭ መሆን አለበት። ሁለቱ ስፒናዎች መልካቸው አንድ ስለ ሆነ በአዳፕተሩ ላይ የታተመውን ምልክት ሳያነቡ መሰካት አይገባም። በሚበየድበትም ጊዜ መስኮት ከፍቶ መሥራት ጭሱን ያርቃል፤ ከሥራ በኋላ እጅን መታጠብ ግዴታ ነው።

ፕሮግራሙ ብዙ የሚያስቸግር አይደለም። ሰሌዳዋ ቁልፎቹን ሳታቋርጥ ትመለከታለች፤ አንዱ ሲረገጥ 192ን፥ ከዚያም የቅንብሩን ቁጥር ትልካለች። ነገር ግን የቁልፍ ብረቶች ሲገናኙ እንደሚነጥር ኳስ ለጥቂት ሺኛ ሰከንድ ይንቀጠቀጣሉ። ሰሌዳዋ ፈጣን በመሆኗ ይህን መንቀጥቀጥ ብዙ ርግጫ አድርጋ ትቈጥረዋለች። በተለይ ምድብ በሚያሻግረው ቁልፍ ላይ ይህ ከደረሰ ተጫዋቹ አንድ ምድብ ሊሻገር አስቦ ሦስት ይሻገራል። መድኃኒቱ የመጀመሪያውን ርግጫ ተቀብሎ ለ20 ሺኛ ሰከንድ ያህል ሌላውን አለመስማት ነው። እንዲሁም ፕሮግራሙ ከኮምፒዩተር ወደ ሰሌዳዋ ሲጫን በመላኪያው መስመር ላይ ትርጕም የሌለው ምልክት ስለሚያልፍ የሚዲውን ገመድ አስቀድሞ ከኢፌክቱ ላይ መንቀል ይገባል።

ሁሉ ከተገጠመ በኋላ፥ ኃይል ከመስጠት በፊት፥ እያንዳንዱ መስመር በቴስተር ይመረመራል። 5 ቮልትና ግራውንድ በስሕተት ተገናኝተው እንደ ሆነ የሚታወቀው በዚህ ነው። ቀጥሎ ኢፌክቱ የሚሰማበት አድራሻ ከሳጥኑ አድራሻ ጋር አንድ መሆኑ ይረጋገጣል። ለ1ኛው አድራሻ የተጻፈን ደብዳቤ በ2ኛው አድራሻ ላይ የተቀመጠ መሣሪያ አይከፍተውም፤ ይህም የመሣሪያው ጥፋት አይደለም።

ዋ ዋንና የድምፅን ከፍታ በእግር ማዘንበል የሚወድ ተጫዋች በሳጥኑ ላይ የሚንቀሳቀስ መርገጫ ሊጨምርበት ይችላል። በመርገጫው ሥር 10 ሺህ ኦም የሆነ ፖቴንሽዮሜትር ይገጠማል። ሰሌዳዋ አቋሙን ከ0 እስከ 1023 ባለው ቁጥር ታነባለች፤ ሚዲ የሚቀበለው ግን እስከ 127 ስለ ሆነ ቁጥሩ ለ8 ይካፈላል። ለዚህ ዓይነቱ ትእዛዝ ደብዳቤው ሦስት ቁጥሮች ይኖሩታል፤ ለ1ኛው አድራሻ 176፥ ቀጥሎ የጉዳዩ መለያ፥ በመጨረሻም መጠኑ። በደንቡ ውስጥ የጉዳይ መለያ 4 ለእግር መቈጣጠሪያ፥ 7 ለድምፅ መጠን ተመድበዋል። መጠኑ ሳይለወጥ ደጋግሞ መላክ ግን መስመሩን በከንቱ ያጨናንቃል፤ ስለዚህ ለውጥ ሲኖር ብቻ እንዲላክ ማድረግ ይሻላል።

ክቡራን አድማጮች፤ እስካሁን የተናገርሁት ሁሉ በትክክል ቢፈጸምም አንድ ጥያቄ ይቀራል። ሳጥኑ ትእዛዙን ልኬአለሁ ሲል ኢፌክቱ በእርግጥ ተቀብሎአል ወይ? እኛ ባዘጋጀነው አሠራር ገመዱ የሚሄደው ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው። የመድረሻ ፊርማ የለም። በጽሕፈት ቤት የዋለ ሰው ይህን ችግር ያውቀዋል፤ ደብዳቤ ወጪ ሆኖአል ማለት ጉዳዩ ተፈጽሞአል ማለት አይደለም። በሳጥኑ ላይ የምትበራው ትንሽ መብራት የምትናገረው የታዘዘውን ነው፤ የተፈጸመውን የሚናገረው የኢፌክቱ መስኮትና ጆሮ ብቻ ነው።

ከዚህ የሚመጣው እክል ብዙ ጊዜ የሚታየው መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ነው። ሳጥኑ ሲነቃ ራሱን በ1ኛው ቅንብር ላይ አድርጎ ይቈጥራል፤ ኢፌክቱ ግን ከመጥፋቱ በፊት በነበረበት በሌላ ቅንብር ላይ ሊነቃ ይችላል። ሁለቱ ሳይስማሙ ዘፈን ይጀመራል፤ ለእንጕርጕሮ የተዘጋጀው መግቢያ በሻካራው ድምፅ ይወጣል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ሳጥኑ ከነቃ በኋላ ኢፌክቱ እስኪሰናዳ ጥቂት ሰከንድ ጠብቆ የመጀመሪያውን ትእዛዝ በራሱ እንዲልክ በፕሮግራሙ ውስጥ መጻፍ ነው። ያን ጊዜ ሁለቱ ከአንድ ቦታ ይነሣሉ። የተጠራውን ቅንብር ዳግመኛ ሲረግጡት ያንኑ ትእዛዝ እንደገና እንዲልክ ማድረግም ይጠቅማል፤ የተጠራጠረ ተጫዋች ሥራውን ሳያቋርጥ በእግሩ ያረጋግጣልና።

ሕዝብ ፊት ከመቅረቡ በፊት ሳጥኑ በቤት መፈተን አለበት። እያንዳንዱ ቁልፍ መቶ ጊዜ ይረገጥ፤ ገመዱ ይወዝወዝ፤ ሳጥኑ ይነሣ ይቀመጥ። በዚህ ጊዜ የተላቀቀ ብየዳ ራሱን ይገልጣል። ገመዱም በሚገባበት ቦታ ላይ በማሰሪያ ይያዝ፤ በጨለማ የሚያልፍ ሰው ሲጠልፈው የሚሳበው ማሰሪያው እንጂ ብየዳው እንዳይሆን።

ተሠርቶ የተዘጋጀ የእግር መቈጣጠሪያ በገበያ ላይ እያለ ይህን ሁሉ ድካም ስለ ምን እንሸከማለን የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ገንዘብ ያለውና ጊዜ ያጠረው ሰው ገዝቶ ቢጠቀም የሚነቀፍበት ምክንያት የለም። ነገር ግን በሠርግ ምሽት፥ ሙሽሮቹ ሊገቡ ሲሉ፥ አንድ ቁልፍ ዝም ቢል፥ የገዛው ሰው ሳጥኑን እንደ ተዘጋ ቤት ቆሞ ያየዋል። የሠራው ሰው ግን ብሎኖቹን ፈትቶ የተላቀቀውን ሽቦ በስሙ ያውቀዋል። ያንን ሽቦ ያስቀመጠው እርሱ ነውና። ልዩነቱ የሚታወቀው በዚያች ሰዓት ነው፤ የምሽቱም እንጀራ በርሷ ላይ የተንጠለጠለ ሊሆን ይችላል።

ለዚህ ሰው ዕውቀቱን የሰጠው የገዛ ትጋቱ ብቻ አይደለም። ከአርባ ዓመት በፊት በገበያ የሚፎካከሩ ሰዎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው፥ እያንዳንዱ የራሱን ልማድ በከፊል ትቶ፥ ደንቡን በግልጽ ጽፈው ማንም እንዲያነበው ስላደረጉ ነው። ደንቡ ተሰውሮ ቢሆን ኖሮ ጣውላም ላሜራም ትዕግሥትም የትም ባላደረሱ ነበር። በ2020 ሁለተኛው የሚዲ ደንብ ሲወጣም የቀድሞውን አልሻረውም፤ በላዩ ጨመረበት እንጂ። ስለዚህ በ1983 የተሠራ መሣሪያ በዚህ ሳምንት በተሠራ ሳጥን ቢታዘዝ ይሰማል።

እኛም በየቀኑ ደንብና ሰርኩላር፥ ፎርምና መመሪያ የምናዘጋጅ ሰዎች ነን። የምንጽፈው ነገር ግልጽ ከሆነ፥ ለሁሉ እኩል ከተነገረ፥ ያለ ምክንያትም ካልተለዋወጠ፥ ከማናውቀው ሰው እጅ ላይ ምን ሥራ ሊወጣ እንደሚችል አስቀድመን ልንገምት አንችልም። የሚዲን ደንብ የጻፉትም ሰዎች በአዲስ አበባ አንድ ወጣት ከጣውላና ከላሜራ ሳጥን ሠርቶ ደንባቸውን በእግሩ እንደሚጠቀምበት አላሰቡም ይሆናል። ደንቡ ግን ለእርሱም ይበቃዋል።